ጂኑ ያው ነው፣ አበላሹ ግን እንደየአካባቢው

የሀዋሳ ሰው ባጭሩ «ሪፈራል» የሚለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሚያክመው የከተማውን ነዋሪ ብቻ አይደለም። ከሲዳማ ገጠር፣ ከጌዴኦ፣ ከጉጂ፣ ከምዕራብ አርሲ የሪፈር ወረቀት ይዞ የሚመጣው ብዙ ነው። በ2008 ዓ.ም. ይፋ በሆነው አገር አቀፍ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድም፣ ለረጅም ጊዜ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ የነበረው ሕክምና እንዲስፋፋባቸው ከታሰቡት ከተሞች አንዷ ሀዋሳ ነበረች።

ከሚመጡት መካከል «በዘራችን ካንሰር የለም» የሚል ቤተሰብ አይጠፋም። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ዋስትና ግን አይሆንም። ካንሰር የጂን በሽታ ነው ሲባል የግድ ይወረሳል ማለት አይደለም። ከወላጅ በወረደ የጂን ጉድለት የሚመጣው ከመቶ ከ5 እስከ 10 ገደማ ነው። የቀረው፣ ሰው ከተወለደ በኋላ የሚጠራቀም ጉዳት ነው፤ ሴል ሲከፈል የሚፈጠር የቅጂ ስህተት፣ ጭስ፣ መርዝ፣ ቫይረስ፣ ጨረር። በአንድ ሴል ውስጥ የሚበቃው ያህል ወሳኝ ጂን እስኪበላሽ ብዙ ጊዜ ዓመታት ይፈጃል። በሽታው ከዕድሜ ጋር የሚበዛውም አንድም ለዚህ ነው።

የሚበላሹት ጂኖች በጥቅሉ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ሴሉን «ተከፈል» የሚል ነው፤ ታሪኩ የሚጀምረው ከዶሮ ነው። ፔይተን ራውስ እ.ኤ.አ. በ1911 ዶሮ ላይ ዕጢ የሚያወጣ ነገር በማጣሪያ ሾልኮ እንደሚያልፍ አሳየ፤ ቫይረስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ማይክል ቢሾፕና ሃሮልድ ቫርመስ፣ የቫይረሱ ዕጢ አምጪ ጂን ከራሷ ከዶሮዋ የተወሰደ መሆኑን ደረሱበት። ሁለተኛው ወገን የሚገታው ነው። አልፍሬድ ክኑድሰን እ.ኤ.አ. በ1971 የሕፃናትን የዓይን ካንሰር አጥንቶ፣ ይህ በሽታ የሚነሳው ሁለት ጉዳት ሲደርስ ነው አለ። በኋላ እንደታወቀው ጉዳቱ የሚደርሰው አርቢ በተባለው ገቺ ጂን ላይ ነው፤ ከአባትም ከእናትም የተገኙት ሁለቱም ቅጂዎች መጥፋት አለባቸው። ከገቺዎቹ ሁሉ ስሙ የሚነሳው ግን ፒ53 ነው። ዲኤንኤ ሲጎዳ ሴሉ መከፈሉን እንዲያቆም፣ ጉዳቱ ከባድ ከሆነም ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። ከሰው ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ውስጥ ተበላሽቶ ይገኛል።

የማህፀን ጫፍ ካንሰር አቋራጭ አለው። ገቺዎቹ ጂኖች ሳይነኩ ፕሮቲኖቻቸው ይወገዳሉ። ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ኢ6 እና ኢ7 የተባሉ ፕሮቲኖች አሉት፤ ኢ6 ፒ53ን በሴሉ በራሱ ማስወገጃ ያስፈጨዋል፣ ኢ7 አርቢን ጠፍሮ ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱ በአንድና ሁለት ዓመት ውስጥ ከሰውነት ይጠፋል። ሲቆይ ግን ዲኤንኤው ከሰው ክሮሞሶም ጋር ሊቀላቀልና ሁለቱ ፕሮቲኖች ያለ ልክ ሊመረቱ ይችላሉ። በቅድመ ምርመራ ጊዜ ባለሙያዋ በአሴቲክ አሲድ የተነከረ ጥጥ የማህፀኑን ጫፍ ቀብታ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ሴሎቹ ተለውጠው የተጨናነቁበት ሥፍራ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም፣ ውጤቱም እዚያው ይታወቃል። በ2011 ዓ.ም. በትምህርት ቤት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት ደግሞ፣ ከማህፀን ጫፍ ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን የሚያስከትሉትን 16 እና 18 የተባሉ የቫይረሱን ዓይነቶች ይከላከላል። በእኔ ግምት ከዚህ ሁሉ የሞለኪውል ምርምር ለሲዳማ ሴት ደጃፍ የቀረበው ይህ ነው።

የጡት ካንሰር ላይ ጥያቄው ሌላ ነው፤ ዕጢው የኤስትሮጅን ሆርሞን ተቀባይ አለው ወይስ የለውም? ተቀባዩ ሆርሞኑን ይዞ ዲኤንኤ ላይ ያርፍና ሴሉን የሚያራቡ ጂኖችን ያስነሳል። ታሞክሲፌን የተባለው መድኃኒት የሆርሞኑን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። በምዕራብ አፍሪካ፣ በተለይ በጋና፣ ተቀባይ የሌለው ዓይነት ስለሚበዛ «የአፍሪካ ጡት ካንሰር» እንዲያ ነው የሚል ግምት ነበር። በአዲስ አበባ የተሠራ ጥናት ግን ከሦስት ሁለት እጅ ገደማ ተቀባይ ያለው ሆኖ አገኘ። ብዙ ሴት በርካሽ እንክብል ልትረዳ ትችላለች ማለት ነው፤ ናሙናዋ ለተቀባይ ከተመረመረ።

የደም ካንሰር በሆነው ሲኤምኤል 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ይለዋወጣሉ። የሚወለደው የተዳቀለ ፕሮቲን አያርፍም፤ ኢማቲኒብ ያስቆመዋል። ውድ መድኃኒት ነው፤ ጥቁር አንበሳ ግን በዕርዳታ ፕሮግራም ለታካሚዎች በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል።

ጉበት ላይ አበላሹ አሻራውን ትቶ ይሄዳል። እርጥበት ባገኘው በቆሎና ለውዝ ላይ የሚያድግ ሻጋታ አፍላቶክሲን ያመርታል። መርዙ ጉበት ውስጥ ሲለወጥ ከዲኤንኤው «ጂ» ፊደል ጋር ይጣበቅና በፒ53 249ኛ ኮድ ላይ ወደ «ቲ» ያስቀይረዋል። ይህ አሻራ እ.ኤ.አ. በ1991 ከቻይና ቺዶንግና ከደቡባዊ አፍሪካ በመጡ ዕጢዎች ተገኘ። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ጉዳቱ ይባዛል። በቆሎ ቀለቡ ለሆነ አካባቢ የጎተራው ድርቀት የካንሰር ጉዳይ ነው፣ በ1999 ዓ.ም. የጀመረው የሄፓታይተስ ቢ የሕፃናት ክትባትም እንዲሁ።

አርሲና ባሌ በብዛት የሚታየው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ግን አሻራ ይነፍጋል። ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በተዘረጋ መስመር ላይ በሽታው ይበዛል፤ የሚፋጅ ገንፎና መጠጥ፣ ጫት፣ ትምባሆ፣ የምድጃ ጭስ ይጠረጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በሽታው ከሚበዛባቸውና ከማይበዛባቸው 8 አገሮች 552 ዕጢዎችን ሙሉ ዲኤንኤ አነበበ። የኬንያው ከእንግሊዙ ብዙም አልተለየም። በ88 በመቶዎቹ የታየው አፖቤክ የተባሉ የሴሉ የራሱ ኤንዛይሞች ያደረሱት ጉዳት ነው። አንዱ መላምት፣ ተጠርጣሪዎቹ ዲኤንኤውን ሳይሆን የቧንቧውን ገጽ እያቃጠሉ፣ ቀድሞ የተበላሸው ሴል እንዲራባ ዕድል ይሰጡታል የሚል ነው።

ኢትዮጵያ ከ8ቱ አገሮች ውስጥ አልነበረችም። እንዲህ ላለው ንባብ የሚመረጠው ወዲያው የቀዘቀዘ የዕጢ ናሙና ከታካሚው ደም ጋር ነው፤ በየሆስፒታሉ ባዮፕሲ የሚነከርበት ፎርማሊን ለማይክሮስኮፕ ቢመችም ዲኤንኤውን ይቆራርጠዋል።