ፎቶ ፓስ አይጠይቅም፦ ሰልባጅ ገዝቶ በስልክ መሸጥ

አበው «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ። ካኩማ ገበያ መሬት ላይ በተዘረጋው ሸራ አጠገብ በየቀኑ እናልፋለን። የተከመረውን ልብስ አይተን «ሰልባጅ ነው» ብለን እንተወዋለን። ከዚያ ክምር ውስጥ ግን የብዙ ቤት እራት ይወጣል። በተለይ በ2025 ራሽን ከተቀነሰ ወዲህ ይህን ሥራ የሚሞክረው ሰው በርክቷል። የዛሬው ጽሑፌም ስለዚሁ ነው፤ ያገለገለ ዕቃ መርጦ ገዝቶ፣ አሳምሮ፣ በስልክ ስለመሸጥ። እኔን ከትርፉ ይልቅ ኪሳራው ስላስተማረኝ ከራሴ ኪሳራ እጀምራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰልባጅ፣ ቦንዳ፣ ሚቱምባ

በአገራችን ይህን ልብስ ሰልባጅ እንለዋለን፤ ቦንዳ የሚለውም ብዙ ነው። ከድሬዳዋ የመጣ ሰው ታይዋን የሚባለውን ገበያ ያስታውሳል። አዲስ አበባ ያደገ ደግሞ «ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረውን፣ አሮጌ ልብስ ወስዶ የፕላስቲክ ሳፋ የሚሰጠውን ነጋዴ አይረሳም። እዚህ ኬንያ ስሙ ሚቱምባ ነው፤ በስዋሂሊ ጥቅል፣ እስር ማለት ነው። ልብሱ ከአውሮፓ፣ ከሰሜን አሜሪካና ከቻይና በመርከብ ሞምባሳ ይደርሳል። ከዚያ ናይሮቢ ጊኮምባ ገበያ ይገባል። አንድ ቦንዳ ብዙውን ጊዜ 45 ኪሎ ሲሆን የሕፃናት፣ ጂንስ፣ ቀሚስ እየተባለ በዓይነት ታስሮ ይሸጣል። ሲፈታ ከሁሉ የተሻለው መጀመሪያ ይለቀማል፤ ነጋዴዎቹ «ካሜራ» ይሉታል። በመጨረሻ የሚቀረው ደግሞ «ፋጊያ» ነው፤ መጥረግ ማለት ሲሆን ጠራርገህ ውሰድ እንደማለት ነው።

ይህ ንግድ የመንግሥታት ውሳኔም ይነካዋል። ሩዋንዳ በ2016 በአንድ ኪሎ አሮጌ ልብስ ላይ የነበረውን ቀረጥ ከ0.20 ዶላር ወደ 2.50 ዶላር አሳደገች። አሜሪካም በዚህ የተነሳ በ2018 ለሩዋንዳ ልብስ ሰጥታው የነበረውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል አገደች። ኬንያ ራሷ በኮሮና ጊዜ፣ በ2020 ማርች ላይ ሚቱምባ እንዳይገባ ከልክላ በኦገስት መልሳ ፈቀደች። ሞምባሳ ላይ በር ሲዘጋ ነገሩ እኛ ሸራ ድረስ ይመጣል ማለት ነው።

የኔ ቦንዳ

እኔ መምህር ነኝ። የመምህር ኢንሰንቲቭ ወር እንደማያደርስ ለናንተ መንገር አያስፈልግም። በ2024 መጨረሻ ላይ እቁብ ወጣልኝ። በዚያው ሰሞን ስልኬ ላይ አንድ የናይሮቢ ሻጭ «የሕፃናት ልብስ፣ አንደኛ ደረጃ» ብሎ የለጠፈውን ቦንዳ አየሁ። ፎቶው ያምራል። ባለቤቴ «ያላየኸውን ዕቃ?» ስትለኝ «ዘመኑ እኮ የኦንላይን ነው» አልኳትና 14 ሺህ ሽልንግ በኤምፔሳ ላክሁ። ሻጩን የሚያውቅ ሰው አልጠየቅሁም፤ ቦንዳውን በቪዲዮ አሳየኝ አላልኩም።

ቦንዳው በአውቶቡስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መጣ። ስንፈታው የሕፃን ልብስ የሚባል ነገር የለበትም። ሁሉም ወፍራም የክረምት ካፖርት! በካኩማ ሙቀት! ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሳቀ። ባለቤቴ አልሳቀችም። ወደ ሻጩ ብደውል ስልኩ ተዘግቷል። ስንቆጥረው 34 ካፖርት ሆነ፤ ዘጠኙ ለምንም የማይሆን ቅዳጅ ነበር።

ሦስት ሳምንት አልጋ ሥር ተቀመጠ። አንድ ቀን የማታ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ኤልዶሬት እኮ ብርድ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ኤልዶሬት ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ካፖርት ያስለብሳል። እኛ ያለ ፓስ ከካምፕ ወጥተን መሸጥ አንችልም። ፎቶ ግን ፓስ አይጠይቅም።

ደህናዎቹን 25 አጠብን፣ ቁልፋቸውንና ዚፓቸውን ጠገንን፣ በከሰል ካውያ ተኮስን። ፎቶ አነሳሁና ኤልዶሬትና ኪታሌ ያሉ ሰዎች በፌስቡክ ዕቃ በሚሻሻጡበት ቦታ ላይ ለጠፍኩ፤ እዚህ ለምናውቃቸውም በዋትስአፕ ላክሁ። በመጀመሪያው ወር 11 ተሸጠ። ዕቃውን በአውቶቡስ እንልካለን። እዚሁ ካምፕ ውስጥም ገዢ ተገኘ፤ ፕሮሰሳቸው አልቆ ወደ ካናዳና ወደ አሜሪካ የሚበሩ ሰዎች። «ሚኒሶታ በረዶ ነው አሉ» እያሉ ይመርጡ ነበር።

ካፖርቱ ተመለሰ

ከገዢዎቹ አንዷ በዕድሜ የምትበልጠን እናት ናት። የበረራ ቀኗ ለጃንዋሪ 2025 መጨረሻ ተቆርጦላት ነበር። ለራሷና ለልጇ ሁለት ካፖርት በ1,800 ሽልንግ ወሰደች። በጣም ተከራክራ ነው የገዛችው። በዚያ ሙቀት ባለቤቴ መስተዋት ፊት ለብሳ ስትዞር ሁላችንም ሳቅን።

ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስደተኛ መቀበልን የሚያግድ ትእዛዝ ፈረሙ። በረራዎች ተሰረዙ። በዚያ ሳምንት ካምፑ ውስጥ የነበረውን ዝምታ ያየ ያውቀዋል። ሰው አልጋውን ሸጧል፣ ድስቱን ሸጧል፣ ጎረቤቱን ተሰናብቷል። አንድ ማለዳ እኒያ እናት ካፖርቶቹን በፌስታል አጣጥፈው በራችን ላይ ቆሙ።

«መምህር፣ እግዚአብሔር ያሳይህ፣ አሁን ይሄን ምን ላድርገው? ድስቴን ሸጬ ነው የገዛሁት» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር። ገንዘቡ በእጄ አልነበረም፤ ለእቁብ ከፍዬዋለሁ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብዬም አስቀድሜ በፎቶው ሥር ጽፌያለሁ። በልቤም «ያ የናይሮቢ ሰውዬ ለኔ መቼ መለሰልኝ?» አልኩ። ይህን ሳስብ ባለቤቴ ፌስታሉን ከእጃቸው ተቀበለች። «እትዬ፣ ይቀመጡ። መልሰን እንሸጥልዎታለን፤ ከገንዘቡ አንነካም» አለቻቸው። እኔ አፈርኩ። ያታለለኝን ሰውዬ ዕዳ ድስት የሌላቸው እናት ላይ ልጭን ነበር እኮ።

አንዱ ካፖርት በአራት ቀን ሄደ። ሌላው ከወር በላይ ቆየ። በድምሩ 1,500 ሽልንግ ሰጠናቸው። የጎደለውን ሦስት መቶ ቀስ ብዬ እሞላለሁ ስላቸው «ለፎቶህ ይሁን» ብለው እምቢ አሉ። በገንዘቡ መጀመሪያ የገዙት ድስት ነው። አሁን አዲስ ቦንዳ በሚፈታበት ቀን አብረውን ይመጣሉ። ጨርቅ በጣታቸው ይለያሉ፤ ከኔ ዓይን የሳቸው ይበልጣል።

ሥራው እንዴት ነው?

ልጀምር ለሚል ሰው ከስህተታችን የተማርነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

1. ልብሱን ገልብጡት። ያልተገላበጠ ያርራል። ብብቱን፣ አንገትጌውን፣ የሱሪውን ስፌት በብርሃን እዩ። ዚፑን ሦስት ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ። ኪስ ውስጥም እጅ አስገቡ፤ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው።

2. ጫማ ስትገዙ ሶሉን አጥፉት። መጋዘን ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ጫማ ላዩ አዲስ መስሎ ሶሉ ውስጥ ውስጡን ይበላሻል፤ በተለበሰ በሳምንቱ ይፈረፈራል። በጥፍር ጫን ስትሉት የሚፈረፈር ከሆነ በነፃም አትውሰዱት።

3. አሮጌ ስልክ የምትነግዱ *#06# ደውላችሁ የሚመጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ወይም ከደረሰኙ ጋር አስተያዩ። ደረሰኝ የሌለውን እለፉት። የተሰረቀ ስልክ እጃችን ላይ ቢገኝ ለኛ ለስደተኞች ጣጣው ከሌላው ሰው የባሰ ነው።

4. ፎቶ በማለዳ አንሱ። የቀትር ፀሐይ ቀለም ያጠፋል። ከኋላ ነጭ አንሶላ ዘርጉ። አራት ፎቶ ይበቃል፦ ፊት፣ ጀርባ፣ የአንገት ምልክት፣ እንከኑ። እንከኑን አትደብቁ፤ እድፍ ካለው እድፉን በቅርበት አንሱ። ወገቡንና ቁመቱን በሜትር ለክታችሁ በሴንቲ ሜትር ጻፉ። የአውሮፓው፣ የአሜሪካውና የቻይናው ቁጥር አንድ ስላልሆነ ብዙ ጠብ የሚነሳው በልክ ነው።

5. ገንዘብ ገባ የሚል መልእክት ብቻ አይታችሁ ዕቃ አትስጡ። የሐሰት የኤምፔሳ መልእክት የሚልኩ አሉ። ሂሳባችሁን ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ። ስትልኩም የሚመጣላችሁን ስም አንብቡ። በስህተት ለሌላ ሰው ከላካችሁ የደረሳችሁን መልእክት ወዲያው ወደ 456 አስተላልፉት፤ ሰውዬው ካወጣው በኋላ ማስመለስ ከባድ ነው። የምሥጢር ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ።

6. ትርፍን በትክክል ቁጠሩ። አንድ ሸሚዝ በ150 ገዝታችሁ በ400 ብትሸጡ ትርፉ 250 ይመስላል። ሳሙናና ክር 30፣ ቻርጅና ዳታ 20፣ ለአውቶቡስ 100 ሲወጣ የቀረው መቶ ሽልንግ ነው። ይህን ደብተር ላይ የማይጽፍ ሰው እየሠራ ይከስራል፤ የከሰረበትንም አያውቅም።

በመጨረሻም፣ በእቁብ ገንዘብ ቦንዳ ከመግዛታችሁ በፊት ከሸራው ላይ አምስት ስድስት ልብስ መርጣችሁ ሞክሩ። ብትከስሩም የአንድ ቀን እራት ነው። እኔ የጀመርኩት ከላይ ስለነበር የወደቅሁትም ከላይ ነው።

ከነዚያ ካፖርቶች ሦስቱ እስከ ዛሬ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅለው አሉ። ሰው ሲመጣ «ለማን ነው?» ይለናል። ለኤልዶሬት ብርድ ነው እንላለን። ባለቤቴ ግን አንዱን እንዳልሸጥ ነግራኛለች፤ የእኚያ እናት በረራ ድንገት ቢመጣ ብላ።

ከናንተም መካከል በዚህ ሥራ ልምድ ያላችሁ፣ የከሰራችሁም ያተረፋችሁም፣ ለሌላው እንዲጠቅም ጻፉልን።