ተጨማሪ መረጃ፦ ቀልብ በፈተና ይለካል?

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ፣ «ቀልበ ቢስ» የሚባል ተማሪ የሌለበት ክፍል የለም። ቀልብን ለመለካት መርማሪ «7፣ 2፣ 9» ብሎ ቁጥሮቹን ልጁን ከኋላ ወደ ፊት ያስደግመዋል። በ1935 እ.ኤ.አ. የወጣው የስትሩፕ ፈተና ደግሞ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ «ቀይ» የሚል ቃል አሳይቶ ቀለሙን ያስጠራል፤ አንደበት ግን ወደ ንባቡ ይሮጣል። ፊደል በቅጡ ላልለየ ልጅ ይህ ፈተና ዋጋ የለውም።

የትኩረት ችግር ያለባቸው ብዙ ልጆች እንዲህ ያሉ ፈተናዎችን በደህና ስለሚያልፉ ነጥብ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ችግሩ አለ ለማለት ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ጀምረው፣ ቢያንስ ለ6 ወራት ዘልቀው፣ በቤትም በትምህርት ቤትም መታየት አለባቸው። ስለዚህ የወላጅና የመምህር ቃል ከነጥቡ ይበልጣል። የልጁ ዓይን፣ ጆሮና እንቅልፍ፣ ቁርስ መብላቱም ሳይቀር፣ አስቀድሞ ይጣራል።