የጠፋው ሰሌዳ

ሠሪ ያልፋል፤ ሥራው ግን ይቀራል። ሥራውን የሚያስረዳው ጽሕፈት የጠፋ እንደ ሆነ፣ ሥራው ቆሞ ሳለ ስለ ምን እንደ ተሠራ የሚመሰክርለት አይገኝም። ይህም በአሜሪካ አገር በየፋብሪካውና በየሆቴሉ ጣሪያ ሥር በተዘረጋው፣ ስፕሪንክለር በሚባለው ውሃ የሚረጭ የእሳት ማጥፊያ ላይ ይታያል።

ሄንሪ ፓርምሊ የተባለው ሰው በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1874 ዓመተ ምሕረት ስለዚህ መሣሪያ የፈጠራ መብት ተቀብሎ ኒው ሄቨን በምትባል ከተማ በነበረው የፒያኖ ፋብሪካው አኖረው። በ1896 ዓመተ ምሕረትም የዚያ አገር ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ተቋቋመና የአሠራሩን ደንብ አወጣ።

በደንቡ መሠረት፣ ውሃው በስሌት ተለክቶ የተሠራ መሣሪያ ሁሉ በዋናው ቧንቧ አጠገብ ሰሌዳ ሊኖረው ይገባል። ሰሌዳውም ስሌቱ የተደረገበትን ስፍራ፣ በዚያ ላይ የሚወርደውን የውሃ መጠን፣ ከቧንቧው ሥር የሚያስፈልገውን ብዛትና ግፊት፣ የቤቱን አገልግሎት ወይም የሚከማቸውን ዕቃ ዓይነት ይናገራል። መርማሪው ሰሌዳው በሚገባ መታሰሩንና መነበቡን በተወሰነው ጊዜ ይመለከታል።

ነገሩ ጥቂት መስሎ የሚታየው ሰው ቍጥሩን ያስተውል። ለጽሕፈት ቤትና ይህን ለመሰለ ቤት የተለመደው ስሌት 139 ካሬ ሜትር በሚያህል ስፍራ ላይ በየካሬ ሜትሩ በደቂቃ 4.1 ሊትር ነው። እሳቱ ከዚህ ለሚበረታባቸው ለአንዳንድ የሥራ ቤቶች ግን 8.1 ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም እጥፍ ያህል ነው። እንግዲህ ጽሕፈት ቤት የነበረው ቤት የዕቃ ማከማቻ በሆነ ጊዜ፣ ሰሌዳው ከጠፋ፣ ውሃው ይበቃ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ቧንቧው እንደ ሆነ በውጭ ሲያዩት ያው ነው።

ስለዚህ መርማሪው ሰሌዳውን ባጣ ጊዜ ጉድለቱን በመዝገቡ ጽፎ ለቤቱ ባለቤት ያስታውቃል። ሰሌዳውን መተካት የባለቤቱ ግዴታ ነው። ባለቤቱም የቀድሞውን ንድፍና ስሌት ከራሱ ሣጥን፣ ከሠራው ድርጅት፣ ሥራውን ከፈቀደው የከተማ መሥሪያ ቤት ይፈልጋል። ባይገኝ፣ ዐዋቂ መሐንዲስ ቧንቧውን ለክቶ፣ የውሃውን ኀይል ፈትኖ፣ ስሌቱን እንደ ገና ያወጣል። ጥንት በስሌት ሳይሆን በቧንቧ መጠን ሠንጠረዥ የተሠራ መሣሪያ ቢሆን ግን፣ ሰሌዳው ይህንኑ ብቻ ይናገራል፤ የሌለው ቍጥር አይፈለግለትም።

ፈተናው ከዚህ ላይ ነው። መሐንዲስ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ባለቤቱም ይቸኩላል፤ የጎረቤቱን ቤት ቍጥር ገልብጦ መለጠፍ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ባዶው ስፍራ የሚያየውን ሁሉ እንዲጠይቅ ያደርገዋል፤ ሐሰተኛው ሰሌዳ ግን ጥያቄውን ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መርማሪ አንብቦ ያልፋል፤ ሌሊት በሆቴሉ የሚተኛውም እንግዳ ሳያውቅ በዚያ ቍጥር ተማምኖ ያድራል።

መዝገብ የሚጠብቅ፣ ማኅተም የሚያትም ሹም ሁሉ ይህን ነገር ያውቀዋል። ያልታወቀውን አልታወቀም ብሎ መጻፍ ሥራን ማጓደል አይደለም፤ እውነቱ እስኪገኝ ድረስ ስፍራውን መጠበቅ ነው።