ከባሕር ማዶ የመጣው ብልቃጥ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ከፉሪ ተራራ ግርጌ ካሉት ቤቶች ወደ አንዱ ለጥየቃ ብንገባ፣ ከቡናው ረከቦት አጠገብ ልጆች ከአሜሪካ ወይም ከአረብ አገር የላኩትን የቪታሚን ብልቃጥ እናገኝ ይሆናል። እናት ጉልበታቸውን ሲያማቸው አንድ፣ ሲብስባቸውም ሁለት ይውጣሉ፤ ለታመመች ጎረቤትም ከዚያው ያካፍላሉ። የልጅ ፍቅር የታሸገበት ነውና ይጎዳል ብሎ የሚጠረጥር የለም።

በእርግጥ የአረጋውያን ሰውነት ቪታሚን ሊያጣ ይችላል። ቢ 12 የሚባለው በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ስለዚህ አንዳንዶች ጉድለቱን ሁሉ በጾም ያመካኛሉ፤ ነገር ግን ጉበት ይህን ቪታሚን ለዓመታት ያከማቻል። በሽምግልና ጊዜ ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ ከማዕዱ ሳይሆን ከጨጓራው ነው፤ የጨጓራ አሲድ ሲያንስ ቪታሚኑ ከምግቡ በሚገባ አይላቀቅምና። ለስኳር ሕመም የሚሰጠው ሜትፎርሚንና ለጨጓራ የሚሰጠው ኦሜፕራዞልም ለብዙ ዓመት ሲወሰዱ ይህንኑ ሊያባብሱ ይችላሉ። ምልክቱ የእግር መደንዘዝ፣ ሲራመዱ መንገዳገድና መርሳት ነው፤ እኛም «እርጅና ነው» ብለን እናልፈዋለን። በጊዜ ከተደረሰበት በመርፌ ወይም በክኒን ይታከማል፤ ከዘገየ ግን የነርቭ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል።

ብልቃጡ የሚያታልለን እዚህ ላይ ነው። ፎሊክ አሲድ በብዛት ካለበት የደም ማነሱን ያስተካክልና ገጽን ያወዛል፤ የነርቭ ጉዳቱ ግን በስውር ይቀጥላል። ቪታሚን ዲም ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ ብልቃጡ ላይ «አይ ዩ» ተብሎ በሚጻፈው መለኪያ፣ በቀን ከ4,000 እንዳያልፍ ይመከራል፤ እጅግ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ አድርጎ ጥማትን፣ ማቅለሽለሽንና የሐሳብ መደናገርን ያመጣል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። ዋርፋሪን ለሚወስድ የልብ ሕመምተኛ ደግሞ ቪታሚን ኬ ያለበት ክኒን የመድኃኒቱን ኃይል ያደክምበታል።

ሐኪም «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ ሲጠይቅ እናቶቻችን ይህን አይቆጥሩትም። እንግዲህ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወስዷቸው ብልቃጡን ከነጽሑፉ ይዛችሁ ሂዱ፤ እግራቸው የሚደነዝዝ እንደ ሆነም ንገሩ። የጾሙን ነገር ከንስሐ አባታቸው ጋር ይምከሩበት፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስጨንቅምና። በባሕር ማዶ ያላችሁ ልጆችም ሌላ ብልቃጥ ከመላካችሁ አስቀድሞ፣ እናታችሁ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ስም በስልክ ጠይቃችሁ ጻፉ።