ክሩ አልተለጠጠም፤ ሞተሩንም አትጣሉት

«የድሮ ካሴት ክሩ ስለሚለጠጥ ድምፁ ይወፍራል» የሚል ወሬ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። «ክሩ በዕድሜ ስለሚኮማተር ዘፋኙ ይቀጥናል» የሚሉም አሉ። ደግነቱ ሁለቱንም በቁጥር መፈተን ይቻላል። ድምፅ በግማሽ ቶን እንዲወርድ ክሩ 6 በመቶ ያህል መርዘም አለበት። ክሩ የተሠራበት ፖሊስተር ያን ያህል ከተሳበ ቅርጹ ይበላሻል፤ ድምፁን በሚያነበው ሄድ ላይም በወጉ አይተኛም። ውጤቱ የሚቆራረጥ ድምፅ እንጂ ወፍሮ ጥርት ያለ ዘፈን አይሆንም። በግማሽ ቶን ይቀጥን ከተባለ ደግሞ የ60 ደቂቃ ካሴት ካለው 90 ሜትር ያህል ክር 5 ሜትሩ መጥፋት አለበት። የት ሄደ?

ክሩን እንተወውና ቴፑን እንክፈት። እዚያ ደግሞ ሌላ ፍርድ ይጠብቀናል፤ «ሞተሩ ደክሟል፣ ይቀየር» የሚል። ብዙ ጤነኛ ሞተር በዚህ ፍርድ ተጥሏል።

መሠረቱን በአጭሩ እንለፈው። ፊሊፕስ በ1963 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ፍጥነቱን የሚወስነው ክሩን የሚጠቀልለው ጥርስ አይደለም፤ ካፕስታን የሚባለው ቀጭን የብረት ዘንግና ክሩን ዘንጉ ላይ የሚጫነው የጎማ ሮለር ናቸው። የዘንጉ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ በደቂቃ 455 ጊዜ ያህል መዞር አለበት። ሞተሩ በብዙ ቴፖች በደቂቃ 2400 ጊዜ ይዞራል። ይህን ፍጥነት ቀንሶ ለዘንጉ የሚያደርሰው ቺንጋው ነው፤ ከዘንጉ ጋር የተያያዘው ከባድ ፍላይዊል ደግሞ አዟዟሩን ያለሰልሳል።

ዋናው ነገር ሞተሩ ፍጥነቱን እንዴት እንደሚጠብቅ ነው። ቋሚ ማግኔት ያለው የዲሲ ሞተር በሚዞርበት ጊዜ ጄኔሬተርም ነው። በገዛ ጥቅል ሽቦው ውስጥ፣ የሚመጣበትን ቮልቴጅ የሚቃወም ሌላ ቮልቴጅ ያመነጫል። ይህ ተቃዋሚ ቮልቴጅ ከፍጥነቱ ጋር ይወጣል፣ ከፍጥነቱ ጋር ይወርዳል። ስለዚህ ሰርኪዩቱ ሌላ ቆጣሪ ሳያስፈልገው ፍጥነቱን ከሞተሩ ከራሱ ማንበብ ይችላል።

ችግሩ በቀጥታ ማንበብ አለመቻሉ ነው። በሞተሩ ጫፎች ላይ የሚታየው ቮልቴጅ የሁለት ነገሮች ድምር ነው፤ አንዱ ተቃዋሚው ቮልቴጅ፣ ሌላው ከረንቱ በሽቦውና በካርቦን ብሩሹ ሲያልፍ የሚባክነው። ሰርኪዩቱ ከረንቱን ለክቶ ብክነቱን ይገምታል፤ የገመተውን ያህልም ቮልቴጅ ይጨምራል። ዳገት ሲያይ መኪናው ሳይደክም ቀድሞ ነዳጅ እንደሚረግጥ ሾፌር ማለት ነው። ከልኩ በላይ ከረገጠ መኪናው እንደሚወራጭ ሁሉ፣ ሰርኪዩቱም ብክነቱን አብዝቶ ከገመተ ሞተሩ ፈጠን ዘግየት እያለ ይዋዥቃል።

የብዙው ብልሽት ሥር ይኸው ግምት ነው። ግምቱ የሞተሩ ሬዚስታንስ ከፋብሪካ ሲወጣ እንደነበረ መቆየቱን ያምናል። ብሩሹና ብሩሹ የሚነካው ኮሙቴተር ሲቆሽሹ ግን ሬዚስታንሱ በየዙሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ሙቀትም አለ። ለእያንዳንዱ ዲግሪ የመዳብ ሬዚስታንስ 0.4 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ የፌራይት ማግኔት ጉልበት ደግሞ 0.2 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የመጀመሪያው ሞተሩን ሊያዘገይ፣ ሁለተኛው ሊያፈጥን ይሞክራል፤ ሁልጊዜ ግን እኩል አይጣፉም። ስለዚህ ቴፑ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይሠራ የተወሰደ ልክ አይታመንም።

ከብዙዎቹ ሞተሮች ጀርባ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ውስጧ የፍጥነት ማስተካከያ ብሎን አለ። ሰው ሁሉ ካቻቢቴውን ይዞ የሚሮጠው ወደዚያ ነው። ቆዩ! መጀመሪያ ስህተቱ ቋሚ ነው ወይስ ይዋዥቃል?

3150 ኸርዝ ድምፅ የተቀዳበት መፈተኛ ካሴት አጫውታችሁ በስልክ አፕሊኬሽን ለኩ። ሳይነቃነቅ 3213 ካነበበ ቴፑ 2 በመቶ ፈጥኗል። እንዲህ ያለው ቋሚ ስህተት ብዙውን ጊዜ ብሎኑን ቀድሞ የነካ ሰው እንዳለ፣ ወይም ከልኩ የወፈረ ቺንጋ መግባቱን ይናገራል። ወፍራም ቺንጋ ትንሿን የሞተር ፑሊ ከትልቁ ፍላይዊል ይልቅ በንጽጽር ያሰፋታልና ፍጥነት ይጨምራል።

ንባቡ ከዋዠቀ ግን ብሎኑን አትንኩ። ፍላይዊሉን በጣት በስሱ ያዝ አድርጉት። ሞተሩ በነበረበት እየዞረ ፍላይዊሉ ብቻ ከዘገየ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው። ሞተሩም አብሮ ከዘገየ ጥፋቱ ከሞተሩ ወይም ከሰርኪዩቱ ነው። አንዳንድ የቆየ ቺንጋ ሬንጅ ይመስል ይቀልጣል፤ ፑሊው ላይ የቀረች ትንሽ ቅሪት በየዙሩ ፍጥነቱን ታናጋለች። በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርጋችሁ ጨርሷት። የደረቀ ሮለርና ዘይቱ ያለቀበት ኩሺኔታም ይመርመሩ።

አሁን ማስጠንቀቂያዎቹ፤ ልኬት ብዙ የሚያከራክር ጉዳይ ነውና። አንዳንዱ መፈተኛ ካሴት 3000 ኸርዝ ነው፤ ከ3150ው ካምታታችሁት ጤነኛውን ቴፕ 5 በመቶ ታበላሻላችሁ። ቤት ውስጥ የተቀዳ መፈተኛም የቀጂውን ቴፕ ስህተት ይዞ ይመጣል። ዓለም አቀፉ መስፈርት ራሱ 2 በመቶ ወዲህና ወዲያ ይፈቅዳል። አንዱ በላይኛው ጠርዝ፣ ሌላው በታችኛው ያሉ ሁለት ጤነኛ ቴፖች ከግማሽ ቶን እኩሌታ በላይ ይለያያሉ። ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ደግሞ ስህተቱ ሊደራረብ ይችላል። በቀረጻው ላይ የሚሰማው የ50 ኸርዝ የመብራት ጉርምርምታ ስለ ፍጥነቱ ፍንጭ ይሰጣል፤ ሆኖም የማጫወቻው የራሱ ጉርምርምታ ሊሆን ይችላል፣ የመብራቱ ፍሪኩዌንሲም ሁልጊዜ ልክ 50 አይደለም።

«ፍጥነቱ ሲዛባ ቅኝቱ ይለወጣል» የሚባለውም ሐሰት ነው። ፍጥነት ድምፆቹን ሁሉ በአንድ ምጣኔ ስለሚያነሳና ስለሚጥል ትዝታው ትዝታ፣ ባቲውም ባቲ ሆኖ ይቀራል፤ የሚዛወረው መነሻው ብቻ ነው።

የቤተሰብ ድምፅ ወይም የድሮ ዘፈን ከካሴት ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጡ ሁሉ፣ መጀመሪያ ቴፑን ለኩ፣ ቺንጋውን መርምሩ፣ ብሎኑን በመጨረሻ ንኩ። የለካችሁትንም ቁጥር ከቅጂው ጋር ጻፉት፤ ፍጥነቱን ነገ ማረም የሚሻ ሰው የሚያስፈልገው እሱ ነው።