እርሳሱን እዚያው ማሰር

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. በመኖሪያ ግቢ አፈር ውስጥ ላለ እርሳስ ያስቀመጠውን የማስጠንቀቂያ መጠን በኪሎ ከ400 ሚሊግራም ወደ 200 አወረደ። ትናንት ምንም አይልም የተባለ ግቢ በአንድ ጀንበር አጠራጣሪ ሆነ። ያን ሁሉ አፈር ቆፍሮ መተካት ደግሞ ወጪው አይቀመስም። ጃፓን በካድሚየም የተበከለውን የጂንዙ ወንዝ ዳር የሩዝ ማሳ፣ 860 ሄክታር ግድም፣ ለመተካት ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቶባታል።

ስለዚህ ማዕድን ጨምሮ መርዛማውን ብረት እዚያው የማሰር ዘዴ እንደገና መነጋገሪያ ሆኗል። የእኛም ገበሬ ለአሲዳማ መሬት የሚያውቀው ኖራ ካድሚየም ወደ እህሉ እንዳይገባ ያግዛል። ቤንቶናይትና ዚዮላይትም ብረት ይይዛሉ፤ አፈሩ ተመልሶ አሲዳማ ሲሆን ግን የያዙትን ስለሚለቁ እኔን ብዙም አይማርኩኝም።

የሚማርከኝ ፎስፌት ነው። እርሳስ ከፎስፌትና ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ ፓይሮሞርፋይት የሚባል፣ ውኃ እምብዛም የማያሟሟው ማዕድን ይሆናል። በሚዙሪ ግዛት በጆፕሊን ከተማ፣ የድሮ ማቅለጫ የበከለው አፈር በፎስፎሪክ አሲድ ታከመ፤ ከዚያ ፈቃደኛ አዋቂዎች ከአፈሩ ጥቂት ዋጡ! ካልታከመው አፈር ሰውነታቸው የወሰደው እርሳስ 42 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ከታከመው ግን 13 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካዋ ኦክላንድ ከተማ፣ በሳውዝ ፕሬስኮት ሰፈር፣ ከአላስካ የመጣ የዓሣ አጥንት ዱቄት ከግቢዎቹ አፈር ጋር ተቀላቀለ። አጥንት ራሱ ፎስፌት ነውና።

ክርክሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የእርሳሱ መጠን አልቀነሰም፤ የማስጠንቀቂያው ቁጥር የሚቆጥረው ደግሞ ጠቅላላውን እርሳስ ነው። ኤጀንሲው ምን ያህሉ ወደ ሰውነት እንደሚገባ የሚለካበት የቤተ ሙከራ ዘዴ አለው፤ አፈሩ በፒኤች 1.5 አሲድ ውስጥ፣ በ37 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ሰዓት ይናጣል። ዘዴው ግን በፎስፌት ለታከመ አፈር አልጸደቀም። መድኃኒቱ እያለ መመርመሪያው የለም ማለት ነው።

አርሰኒክ ሲኖር ነገሩ ይገለበጣል። ፎስፌት በባሕርይው ስለሚመስለው ቦታውን ቀምቶ አርሰኒኩን ያስለቅቀዋል። ድሮ በእርሳስ አርሴኔት ፀረ ተባይ የተረጩ የአፕል እርሻዎች ሁለቱንም ስለያዙ፣ እዚያ አጥንት መበተን አደጋ አለው፤ አርሰኒክን የሚይዘው የብረት ኦክሳይድ ነው።

በኦክላንድ በታከመው አፈር ላይ ንጹህ አፈርና ሣር ተደርቦበታል። የጸደቀ መለኪያ እስኪገኝ ድረስ ያለ ሽፋን በአጥንት ብቻ የታከመ ግቢ ለልጆች መጫወቻ መሆን የለበትም።