ከቱሪስቱ በፊት ሣሩ

«ዱር ጠብቆ መበልጸግ ይቻላል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ሰው «አዎ፣ ቱሪስት ይመጣላ!» ይላችኋል። መልሱ አልተሳሳተም፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ለማየት መንዝ እንውጣ።

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ውርጫም ደጋ ነው። ጠዋት ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ካደሩበት ገደል ይወጡና ሜዳው ላይ ቁጭ ብለው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ይበላሉ። በመካከላቸው ቀይ ቀበሮ ሲመላለስ ብታዩ አትደንግጡ፤ የሚፈልገው አይጥ ነው። ጭላዳዎቹም ነገሩ ገብቷቸው ነው መሰል፣ አይሸሹትም። እዚያው ጓሳ ላይ ተጠንቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጽሑፍ ደግሞ አንድ አስገራሚ ነገር ይነግረናል፦ ቀበሮው ጭላዳ መሐል ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፣ ለብቻው ሲሆን ግን 25 በመቶው ብቻ! በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንደማይሞሉ ካሰባችሁ፣ ይህን ለማየት ሰው ባሕር አቋርጦ ቢመጣ አይፈረድበትም።

ታዲያ ይህ ሁሉ እስከ ዛሬ እንዴት ተረፈ? በሣሩ ምክንያት ነው። ጓሳ የሚባለው ሣር ለመንዜ የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ዝናብ የሚከላከል ጌሳ ነው፤ ገበያ ሲወጣም ብር ነው። ድርቅ ሲጠና ደግሞ ከብቱ የሚተርፈው እዚያ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደኖረ በሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። የአካባቢው አባቶች ቦታውን 3 ዓመትም፣ 5 ዓመትም ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፣ ባለመብቱም ገብቶ ያጭዳል። በተዘጋበት ወቅት የገባ ይቀጣል። ቁልፉ ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ዛሬ የሚከለከለውና ነገ የሚጠቀመው ሰው አንድ ነው። የራሱን ነገር ስለሚጠብቅም ጥበቃው ይጸናል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ በርስት ላይ የቆመው ቄሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ያለ አግባብ ይታጨድ ጀመር። ነዋሪው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ከየቀበሌው በተውጣጣ ኮሚቴ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቆመው። ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ሥፍራ ነው፤ እንግዳ የሚያርፍበት የማኅበረሰብ ሎጅም አለው። እንግዳው የሚከፍለው ብር እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ የመጣ ጭማሪ ነው።

ቱሪዝምን ለማናናቅ እንዳይመስላችሁ። ሩዋንዳ ጎሪላ ለማየት ከአንድ የውጭ ጎብኚ 1,500 ዶላር ታስከፍላለች፤ ከፓርኮቿ ገቢ 10 በመቶውንም በአካባቢው ለሚኖረው ሕዝብ ልማት ታውላለች። ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሆኖም በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና ሲመጣ የጎሪላ ጉብኝቱ ቆመ። በእኛም አገር ጦርነት ሲጨመርበት የጎብኚ ነገር ምን እንደሆነ ሁላችን አይተናል። በጎብኚ ብቻ የቆመ ገቢ በአንድ ምሰሶ እንደቆመ ጎጆ ነው።

ጓሳ ግን ጎብኚ ቢቀርም ሣሩ ይበቅላል። ዝናቡን እንደ ስፖንጅ የሚይዘው ደጋ ምንጮቹን ማፍሰሱን አያቆምም፤ ውኃው በአንድ በኩል ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወደ አዋሽ ይወርዳል። በየሸለቆው ያለ ገበሬ በዚህ ውኃ ሲጠቀም ማንም ትኬት አይቆርጥለትም፤ ለዚህም ነው ይህ ጥቅም ከሪፖርት የሚቀረው።

እንግዲህ ከአሁን በኋላ «ኢኮቱሪዝም አካባቢውን ይለውጣል» የሚል ፕሮጀክት ስትሰሙ፣ ስለ ሎጁ ውበት ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ጎብኚ አንድ ዓመት ባይመጣ፣ ነዋሪው ዱሩን የሚጠብቅበት ምን ምክንያት ይኖረዋል? ጥሩ መልስ ካለ ቱሪዝሙ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ያዋጣል። ከሌለ ግን መጀመሪያ የሚገነባው ሎጁ ሳይሆን የነዋሪው መብት ነው።